«ጨዋ ነበረች»፦ ካደጉ በኋላ የኦቲዝም ምርመራ መፈለግ

ለኦቲዝም ምርመራው ምስክር ያስፈልጋል ተባልኩ። ልጅ ሆኜ የሚያውቀኝ ሰው፣ ቢቻል እናት። እኔ ያለሁት እንግሊዝ ነው፣ እማዬ ያለችው ኮልፌ፣ ስለዚ ቀጠሮው በስልክ ሆነ፣ ባለሙያዋ አንዱ መስመር ላይ፣ አስተርጓሚው ሌላኛው ላይ፣ እኔ ዝም ብዬ እየሰማሁ፣ እማዬ ደሞ ኔትወርክ ፍለጋ በረንዳ ወጥታ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ልጅዎ በልጅነቷ ከሌሎች ልጆች የሚለያት ነገር ነበር?» የሚል ነው። እማዬ ለሰከንድ እንኳን አላሰበችም። «ኧረ ምንም! እሷማ ጨዋ ነበረች፣ አንገቷን ደፍታ ሄዳ አንገቷን ደፍታ የምትመጣ፣ ቤት ውስጥ መኖሯ እንኳን አይታወቅም ነበር።» አስተርጓሚው ይሄን ሁሉ ጠቅልሎ «ሺ ዎዝ ፖላይት» (ትሁት ነበረች) አለው። ግንባሬን ያዝኩ።

ያቺን ቀጠሮ ለማግኘት ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው የጠበቅኩት። ነገሩ የጀመረው በልጄ ነው። 4 ዓመቱ ላይ ኦቲዝም አለው ተባለ፣ ከዛ በፊት ግን ፎርም ስሞላ ነው የከረምኩት፣ ድምፅ ይረብሸዋል ወይ፣ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ ነው ወይ የሚበላው፣ የታሰበ ነገር ሲቀየርበት ይበጠበጣል ወይ፣ እና እኔ እያንዳንዱን እያነበብኩ «ይሄማ ሁሉም ሰው ነው» እያልኩ አልፋለሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሞ ሲያነብ ቆይቶ «ሁሉም ሰው አይደለም፣ አንቺ ነሽ» አለኝ። ብዙ አዋቂ በዚች በር ነው የሚገባው። ሌላው ቲክቶክ አይቶ ይጠረጥራል፣ እሱንም አላሾፍበትም፣ ጥርጣሬ ከየትም ይምጣ፣ ጉዳዩ ቀጥሎ የሚደረገው ነው።

«እና እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ሰው ይመጣል፣ ከዘመድም ከጂፒም (እንግሊዝ ውስጥ መጀመሪያ የሚኬድበት የሰፈር ሐኪም ነው)። መልሱ ግማሽ በግማሽ የታሪክ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሊዮ ካነር የሚባለው ሐኪም አሜሪካ ውስጥ ስለ 11 ልጆች የጻፈው በ1943 ነው። አንደኛው ልጅ ዶናልድ ትሪፕሌት ይባላል፣ የሚሲሲፒ ልጅ ነው፣ አድጎ ባንክ ሰራ፣ ጎልፍ ተጫወተ፣ ዓለምን ዞረ፣ የሞተው 2023 ላይ በ89 ዓመቱ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው በኦቲዝም የተመዘገበ ሰው ራሱ ሽማግሌ ሆኖ ነው የሞተው፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ ኦቲዝም ሲባል ትዝ የሚለን ጥግ ላይ ተቀምጦ የሚወዛወዝ ሕፃን ነው፣ ሕፃኑ እንደሚያድግ ማን አሰበ። በ1944 ደሞ ሃንስ አስፐርገር ቪየና ሆኖ አፋቸውን በደንብ ስለፈቱ ግን ከሰው ጋር መግባባት ስለሚከብዳቸው ልጆች ጻፈ፣ በጀርመንኛ ስለነበር ብዙ አልተነበበም፣ ሎርና ዊንግ የምትባል እንግሊዛዊት ሐኪም በ1981 እስክታነሳው ድረስ። የአሜሪካኖቹ የሳይካትሪ መመሪያ ውስጥ አስፐርገር የሚለው ስም የገባው 1994 ላይ ነው፣ እኔ አንደኛ ክፍል ስገባ አካባቢ ማለት ነው። በ2013 ደሞ ስሙን ከመመሪያው ሰረዙትና ሁሉንም ኦቲዝም ስፔክትረም በሚል አንድ ዣንጥላ ስር ከተቱት። ስለዚ ከኔ ከፍ ያለ ሰው፣ በሰዓቱ አፉን ከፈታና ትምህርት ከገባው፣ የሚፈልገውም አልነበረም። ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን በ2023 ባወጣው ጥናት እንግሊዝ ውስጥ ኦቲዝም ካላቸው ከ50 ዓመት በላይ ሰዎች ከ10ሩ 9ኙ ሳይመረመሩ ቀርተዋል ብሎ ገምቷል።

ሴት ስትሆኚ ደሞ ሌላ ነው። ድሮ 4 ወንድ ለ1 ሴት ነው ይባል ነበር፣ በ2017 ጥናቶቹን ሰብስበው ሲያዩ ወደ 3 ለ1 ተጠጋ፣ ልዩነቱ ከፊሉ ሴቶቹ ስለሚታለፉ ነው። ሴት ልጅ ዝም ስትል ማንም አይደነግጥም። እኛ ጋ እንደውም ትመሰገናለች፣ ቢበዛ «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ብለው ቢተርቡባት ነው።

መንገዱ እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ነው። ጂፒ ጋ ትሄጃለሽ፣ 10 ጥያቄ ያላት ኤኪው 10 የምትባል ወረቀት ይሰጥሻል፣ 6 እና ከዛ በላይ ካመጣሽ ሪፈር መደረግ ትችያለሽ። ወረቀቷ ምርመራ አይደለችም፣ በር ላይ ያለች ዘበኛ በያት። የጤና መመሪያ የሚያወጣው ናይስ የሚባለው መሥሪያ ቤት መስፈርት ከሪፈሩ በኋላ ምርመራው በ3 ወር ውስጥ ይጀመር ይላል። ይላል ነው እንግዲህ፣ ልጅም አዋቂም ተደምሮ ወረፋ ላይ ያለው ሰው እንግሊዝ ውስጥ ብቻ ከ200 ሺህ በላይ ነው። ብዙ አበሻ የማያውቀው ነገር «ራይት ቱ ቹዝ» የሚባለው መብት ነው፣ ጂፒሽን «ከኤንኤችኤስ (ከመንግሥቱ የጤና አገልግሎት) ጋር ውል ወዳለው ሌላ ድርጅት ላከኝ» ማለት ትችያለሽ፣ ክፍያ የለውም፣ ወረፋው ግን ሊያጥርም ላያጥርም ይችላል፣ ስኮትላንድና ዌልስ ላይ ደሞ አይሠራም። በራስሽ ገንዘብ ከሆነ ሺዎች ፓውንድ ነው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቼ ደሞ ችግራቸው ወረፋ ብቻ አይደለም፣ ኢንሹራንሱ ለልጅ ይከፍላል፣ ለአዋቂ ሲሆን ብዙ ጊዜ ፊቱን ያዞራል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአክስቴ ልጅ ዋጋውን ጠይቃ ስልኩን ዘጋችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የደም ምርመራ የለም፣ የጭንቅላት ፎቶ የለም። ያለው ወሬ ነው፣ ማለቴ ጥያቄና መልስ፣ እና አንቺን መመልከት። እና ጥያቄዎቹ የሆነ ቦታ ያደገን ሰው አስበው ነው የተጻፉት። ኤኪው የሚባለው ረጅሙ መጠይቅ 50 ጥያቄ ነው፣ በ2001 ካምብሪጅ ነው የተሠራው፣ 32 እና ከዛ በላይ ማምጣት ብዙ ነው ይባላል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከሙዚየም ይልቅ ቲያትር መሄድ ትመርጫለሽ ወይ ይላል። ኮልፌ! እኔ 18 ዓመት እስኪሞላኝ ሁለቱንም የረገጥኩት በትምህርት ቤት ጉብኝት ነው፣ እሱም አንድ አንድ ጊዜ፣ የትኛውን እንደምመርጥ በምን ልወቅ? የመኪና ታርጋ ቁጥር ዓይንሽ ውስጥ ይገባል ወይ የሚለው ላይ ግን ሳቄ መጣ፣ ምክንያቱም በሰፈራችን የሚያልፉትን አንበሳ አውቶቡሶች የጎን ቁጥር በቃሌ እይዝ ነበር፣ የትኛው ስንት ቀን ጠፍቶ እንደቆየ ሁሉ።

ፊት ለፊት ያለው ክፍል ኤዶስ ይባላል፣ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ተሰጥቶሽ ታወሪያለሽ፣ ስለ ጓደኛና ስለ ሥራ ትጠየቂያለሽ፣ ከዛ ደሞ ጥርስ እንዴት እንደሚቦረሽ ለማያውቅ ሰው አሳዪ ትባያለሽ፣ በባዶ እጅ። እኔ «በብሩሽ ነው በመፋቂያ?» አልኳት። ዝም ብላ አየችኝ። መፋቂያ ምን እንደሆነ ማስረዳት ጀመርኩ፣ ከየትኛው እንጨት እንደሚቆረጥ፣ ጫፉ እንዴት እንደሚታኘክ፣ እያስረዳሁ ጊዜው አለቀ። በኋላ ነው የገባኝ፣ ስለ ጥርሱ ግድ የላትም፣ የምታየው እጄና አፌ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ፣ ፊቷን እያየሁ ነው ወይስ ሃሳብ ውስጥ ገብቼ ጠፍቻለሁ የሚለውን ነው። መፋቂያው ሳይሆን መፋቂያው ላይ 10 ደቂቃ መቆየቴ ነው የተጻፈው መሰለኝ።

የዓይን ነገር ደሞ ለብቻው ይወራበት። ዓይን ለዓይን አለመተያየት ከሚፈለጉት ምልክቶች አንዱ ነው። እኛ ጋ ትልቅ ሰውን ትክ ብላ የምታይ ልጅ ምን ትባላለች? ዓይን አውጣ። ቃሉ ራሱ ነገሩን ጨርሶታል። ስለዚ ባህላችንን የማያውቅ መርማሪ በሁለት በኩል ሊስት ይችላል፣ ወይ አስተዳደጌን ኦቲዝም ይለዋል፣ ወይ ኦቲዝሜን «የባህሏ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጎበዝ የሆነ መርማሪ ስንት ጊዜ አየሽው ብሎ አይቆጥርም፣ ዓይንሽ ከንግግርሽና ከእጅሽ ጋር አብሮ ይንቀሳቀሳል ወይ ነው የሚለው፣ ከእኩዮችሽ ጋር ስትሆኚስ፣ ከእህትሽ ጋር ስትሆኚስ። እኔ እህቴንም አላይም ነበር። እሱን ግን ራሴ መናገር ነበረብኝ፣ ካልተናገርኩ በምን ያውቃሉ።

የ2013ቱ የአሜሪካኖቹ መመሪያ ላይ አንድ አረፍተ ነገር አለች፣ እኔ ግድግዳ ላይ ብሰቅላት ደስ ይለኝ ነበር። ምልክቶቹ ከልጅነት ጀምሮ መኖር አለባቸው፣ ግን ከሰውየው የሚጠበቀው ነገር ከአቅሙ በላይ እስኪሆን ድረስ ላይታዩ፣ ወይ ኋላ በተማረው ዘዴ ሊሸፈኑ ይችላሉ ነው የምትለው። ይቺ ለስደተኛ የተጻፈች ነው የምትመስለው። አገር ቤት እኮ የሰላምታው ቃል የተሰጠ ነው፣ እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ፣ ሰላም ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምኑም አይፈጠርም፣ በቃልሽ ይዘሽ ትመልሻለሽ። ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ ነውር አይደለም። ቡና ላይ ደሞ እኔ ሁልጊዜ «እኔ ላፍላ» ባይ ነበርኩ፣ ሁሉም ባለሙያ ልጅ ይሉኛል፣ ነገሩ ሌላ ነው፣ የሚያፈላ ሰው ሥራ ይዟል፣ ያጥባል፣ ይቆላል፣ ይወቅጣል፣ አቦል ቶና በረካ እስኪያልቅ ዓይኑ ሲኒው ላይ ነው፣ ማንም «ምነው ዝም አልሽ» አይለውም። አሁን ማስኪንግ ምናምን የሚሉት እሱን ነው፣ እኔ ረከቦት ስር ነበር የምደበቀው። እዚህ ስመጣ ረከቦቱ ቀረ። የቢሮ ኪችን ውስጥ «ዊኬንድ እንዴት ነበር» ስባል የዊኬንዱን በሙሉ እነግራቸዋለሁ ወይ ደሞ ዝም እላለሁ፣ መሃሉን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም፣ 3 ዓመት ሠርቼ በርን አውት (በሥራ መዛል) ነው ተብዬ ሁለቴ የሕመም ፈቃድ ወጣሁ፣ ድብርት ነው ተባለ፣ ጭንቀት ነው ተባለ፣ መድኃኒቱም ተሰጠኝ። ድብርቱ ውሸት አልነበረም፣ ግን ከስሩ ያለው አልታየም።

አንድ ሳልጠቅስ የማላልፈው ከባድ ነገር አለ። ሰሃራን አቋርጦ፣ ሊቢያ ታስሮ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ልጅ ድምፅ ሲሰማ ቢበረግግ፣ ሰው ባይጠጋ፣ እንቅልፍ ባይተኛ፣ ይሄ ኦቲዝም ነው ወይስ የደረሰበት? ከላይ ሲታይ ይመሳሰላል፣ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊኖሩም ይችላሉ። መለያው ከዛ ሁሉ በፊት ምን ነበር የሚለው ነው፣ 5 ዓመቱ ላይ፣ 7 ዓመቱ ላይ። እሱን ደሞ የሚያውቀው ማነው? አገር ቤት ያለው ሰው። ለኛ ሰው ምስክሩ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ የሚያስቸግረውም ለዚሁ ነው፣ እናት ሞታለች፣ ወይ ስልክ አትይዝም፣ ወይ እንደኔ እናት ልጇን ለማማት አልተዘጋጀችም። ምስክር ጨርሶ ከሌለ ምርመራው አይቀርም፣ የድሮ የትምህርት ቤት ሰርተፊኬት ላይ ያለ የመምህር አስተያየት፣ አብሮ ያደገ እህት ወንድም፣ ራስሽ የምታስታውሽው ሁሉ ይገባል።

የኛ ስልክ ወደ መዘጋቱ ሲቃረብ ባለሙያዋን ይቅርታ ጠየቅኩና እማዬን ራሴ በአማርኛ አናገርኳት። መልስ ልሰጣት አልነበረም፣ እሱማ ማጭበርበር ነው፣ ጥያቄውን ብቻ ከቅጽል ወደ ታሪክ ቀየርኩት። «እማ፣ ልጅ ሆኜ በምን ነበር የምጫወተው?» አልኳት። «በቆርኪ ነዋ!» አለች፣ ድምጿ ራሱ ተለወጠ። «ኮካውን ለብቻ፣ ሚሪንዳውን ለብቻ፣ አምቦውን ለብቻ፣ ከበር እስከ ኩሽና ትደረድሪዋለሽ፣ እህትሽ አንዷን ካነሳችብሽ ጩኸትሽ እስከ ቀበሌ ይሰማል፣ እኔማ ሰው ገደሉብኝ እያልኩ እየሮጥኩ እመጣ ነበር።» ምግብስ? «ሽሮ። ሽሮ ብቻ። እንጀራው ሌላ ወጥ ከነካው አንሺልኝ ትያለሽ፣ ለበዓል ዶሮ ተሠርቶ አንቺ ሽሮሽን።» ለቅሶስ? «እሪታ ከሰማሽማ አልጋ ስር ነሽ፣ ስንቴ ፈልጌ አጣሁሽ።» አስተርጓሚው እየሮጠ ይተረጉማል፣ ባለሙያዋ ስትጽፍ ኪቦርዱ ይሰማኛል። ከዛ የሹራቡ ታሪክ መጣ፣ እማዬ በእጇ ሠርታልኝ «ይኮሰኩሰኛል» ብዬ ያወለቅኩት፣ በግድ ስታለብሰኝ ትምህርት ቤት በር ላይ አውልቄ አጥር ላይ ጥዬው የገባሁት፣ በሰኔ ብርድ። ያቺ «ምንም የላትም፣ ጨዋ ናት» ያለች ሴትዮ ናት ይሄን ሁሉ ያወራችው፣ ሁለቱም እኩል እውነት ነው ለሷ።

ስለዚ ለሚያስብበት ሰው የምለው፣ ቤተሰብሽን «የተለየሁ ነበርኩ?» ብለሽ አትጠይቂ፣ የተለየ ማለት እኛ ጋ ወይ ስድብ ነው ወይ በሽታ፣ እናት አዎ አትልም። ምን እበላ ነበር፣ በምን እጫወት ነበር፣ ምን ያስለቅሰኝ ነበር፣ እንግዳ ሲመጣ የት ነበርኩ ብለሽ ጠይቂና ጻፊው፣ ከነቆርኪው። አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ መብትሽ ነው፣ ግን «ጨዋ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲያልፍ ካየሽ አስቁሚው።

ወረቀቱ ሲመጣ ምን ይለውጣል? መድኃኒት የለውም፣ አድናለሁ ባይ ካጋጠመሽ ቦርሳሽን ያዢ። ሥራ ላይ ግን ይጠቅማል፣ የ2010ሩ የእኩልነት ሕግ አሠሪሽ ምክንያታዊ ማስተካከያ እንዲያደርግልሽ ያስገድደዋል፣ እኔ ግድግዳ አጠገብ ጠረጴዛ፣ ድምፅ የሚያፍን ሄድፎን እና መመሪያ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አግኝቻለሁ። ሕጉ እንደውም የሚያየው ችግሩ ኑሮሽ ላይ የሚያደርገውን ነው፣ የግድ የምርመራ ወረቀት አምጪ አይልም፣ ግን አለቃ ሁሉ ሕግ አንብቦ አይደለም የሚሾመው፣ ወረቀት ሲያይ ይስተካከላል። ጉዳትም አለው፣ አንዳንድ አገሮች ለመኖሪያ ፈቃድ ስትጠይቂ ጤናሽ የሚያስወጣውን ወጪ ያሰላሉ፣ አውስትራሊያ አንዷ ናት፣ ወደዛ ልሂድ የሚል ሰው ቀድሞ ይጠይቅ። ዘመድ ዘንድ ደሞ «አሞሽ ነው?» ይመጣል፣ ጠበል ይመጣል። ጠበሉን እኔ እሄዳለሁ፣ ለሌላ ጉዳይ።

አገር ቤት ያለ አዋቂ ቢጠረጥርስ? ዘሚ የኑስ በልጇ በጆጆ ምክንያት በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ስትከፍት ቃሉን ራሱ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር፣ በ2021 እስክታርፍ ድረስ በየቲቪው እየወጣች ሕዝቡን ያስተማረችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ነህምያ የሚባለው ሌላው የኦቲዝም ማዕከልም ከዛ በኋላ መጣ። ሥራቸው ግን በዋናነት ልጆች ላይ ነው፣ መሆንም አለበት፣ አፉን ያልፈታ ልጅ ይዛ በር ላይ የቆመች እናት እያለች እኔን አስቀድሙ አልልም። የሳይካትሪ ሐኪም ያገኘ አዋቂም ብዙ ጊዜ ድብርቱን ታክሞ ነው የሚወጣው። እነዛ ያኔ የመጡት ልጆች ግን አሁን አዋቂ ሆነዋል፣ ቀድመዋቸው የተወለዱት ደሞ ጨዋና ባለሙያ እየተባሉ የሆነ ቤት ቡና እያፈሉ ነው።

ውጤቱን ለእማዬ የነገርኳት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፣ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ከልጄ ጋር ስለለመደችው ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ለትንሽ ጊዜ ዝም አለች፣ መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ያ ሹራብ» አለች፣ «ያን ጊዜ እውነትም ይኮሰኩስሽ ነበር?»

«አዎ እማ።»

«እኔ ደሞ እልህ መስሎኝ» አለች።